ስለ ግብር ዕዳ ማስታወቂያና ስለ አመላለሱ

«ግብር» የሚለው ቃል «ገብረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። በአማርኛችን ግን ቃሉ ብዙ ፍች አለው። የሰው ሥራና ጠባይ ግብር ይባላል። ነገሥታትና መኳንንት ለሠራዊታቸው ያበሉት የነበረው ድግስ ግብር ይባል ነበር። ገበሬ ከእርሻው፣ ነጋዴም ከትርፉ ለመንግሥት የሚከፍለው ገንዘብ ደግሞ ግብር ይባላል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው። ከእርሱም ውስጥ አንዱን ጉዳይ ብቻ እንመለከታለን፤ ይኸውም «ያልተከፈለ የግብር ዕዳ አለብህና ክፈል» የሚል ማስታወቂያ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲደርስ ሰው እንዴት ያለ መልስ መስጠት ይገባዋል? የሚለው ነው።

ይህ የአባቶቻችን ጉዳይ እንጂ የተማሪ ጉዳይ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በገጠሩ በብዙ ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲመጣ እንዲያነበው የሚጠራው የተማረው ልጅ ነው። አባት ልጁ ያነበበለትን ያምናል፤ እንደ ሰማውም ይሠራል። ልጁ ቀኑን ቢሳሳት ወይም አንድ መሥመር ዘልሎ ቢያነብ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በመላው ቤተ ሰብ ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩን አጥርቶ ማወቅ ለእኛ ለተማሪዎች ትርፍ ዕውቀት አይደለም።

፩. የመንግሥት ቃል ቀድሞ እንዴት ይደርስ ነበር

በቀድሞ ዘመን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። ነጋሪቱ በገበያ ቀን ይጎሰማል፤ ዐዋጅ ነጋሪውም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እያለ ቃሉን ያሰማል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሰማው ማንበብ የማይችለው ሰው ከሚችለው አያንስም ነበር። ችግሩ ግን ቃሉ ከገበያ እስከ ቤት ሲጓዝ የሚጨመርበትና የሚቀነስለት መሆኑ ነው።

በመጋቢት ወር 1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ስሙንም ከዚያው ከነጋሪቱ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየታተመ የሚቀመጥ ሆነ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ በገጠር የሚያነብ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፣ ጽሑፉ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጣና ቢቸና፣ ደጋ ዳሞትም ሲደርስ ተመልሶ የአፍ ወሬ ይሆን ነበር። ቀጥሎ የምንናገረው የጎጃም ታሪክ ይህ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ያሳየናል።

፪. በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የሆነው

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ርስት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በጎጃም አብዛኛው መሬት ርስት ነበር። አንድ ሰው መሬት የሚያገኘው ከመጀመሪያው አቅኚ አባት በአባቱ ወይም በእናቱ በኩል መወለዱን ቆጥሮ በማስረዳት ነበር። መሬቱ በጋሻ ያልተለካ ስለ ሆነ ግብሩም በማኅበር ተመድቦ ይሰበሰብ ነበር እንጂ እያንዳንዱ ገበሬ በስፋቱ ልክ የሚከፍለው አልነበረም። ግብር መክፈልም ለባለርስቱ ሸክም ብቻ አልነበረም። የመሬት ክርክር ሲነሣ «ይህን መሬት ስገብርበት ኖሬአለሁ» ማለት ትልቅ ማስረጃ ነበርና ሰው የገበረበትን ደረሰኝ አጥብቆ ይይዝ ነበር።

ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት የመሬትን ግብር በአንድ ሥርዓት ለመወሰን አሰበ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተከፈለ። ለአንድ ጋሻም ግብሩና የዐሥራቱ ምትክ አንድ ላይ ተደምሮ ለለሙ 50 ብር፣ ለለም ጠፉ 40 ብር፣ ለጠፉ 15 ብር ሆነ። ለጎጃም፣ ለበጌምድርና ለትግሬ ግን ይህ አልሆነም። የጎጃም ሕዝብ ርስቴ ይለካብኛል ብሎ ስለ ተቃወመ፣ በእነዚህ ጠቅላይ ግዛቶች በ1927 ዓ.ም. ተመድቦ በነበረው ልክ እንዲገበር ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ የትምህርት ግብርና የጤና ግብር ተጨመሩ።

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። ይህ ዐዋጅ ዐሥራትን አስቀርቶ በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርን የሚያቆም ነበር። በዐዋጁ ዐሳብ ሰው የሚገብረው ከእርሻው በሚያገኘው ገቢ መጠን ነው፤ ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይከፍላል። ገቢውንም የሚገምቱ ኮሚቴዎች በየአገሩ እንዲቋቋሙ ታዘዘ።

በወረቀት ላይ ሲታይ ነገሩ ክፉ አይመስልም። ገበሬው የሰማው ግን ሌላ ነበር። ሰው መጥቶ የእያንዳንዱን እርሻና ምርት ይገምታል ሲባል፣ ገበሬው ይህ የመሬት መለካት መጀመሪያ ነው፣ ከተለካም በኋላ ርስቱ ከእጄ ይወጣል ብሎ ፈራ። በጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደርና በእንደራሴው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ላይም የቆየ ቅሬታ ነበረው። ስለዚህ ዐዋጁ ምን ይላል ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ዐዋጁን ያመጡት እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ፤ ያመጡትንም ስላላመናቸው ያመጡትን ነገር አላመነም።

ሕዝቡ በመጀመሪያ ሽማግሌዎች ወደ አዲስ አበባ ልኮ አቤት አለ። በኋላ ግን በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞትና በሌላውም ስፍራ ገማቾቹ እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ ነገሩም ወደ ጦር መሣሪያ ደረሰ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመንደሮችም ላይ ከአውሮፕላን ቦምብ ተጣለ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ።

በመጨረሻ ማን አሸነፈ? ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ። ግምቱም በጎጃም ተቋረጠ። በ1961 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጎጃም መጥተው፣ ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ ሳይከፈል የቆየውን የግብር ውዝፍ ማሩ። በዚህም መንግሥት ያሰበውን ግብር አላገኘም። ሕዝቡም ውዝፉ ቢማርለት የሞተበትን ሰው አላገኘም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በየጊዜው የከፈለው ሰው ደግሞ ከምሕረቱ የደረሰው ምንም የለም።

፫. ከዚህ ታሪክ የምንረዳው

አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነብ «ጎጃሜ እንቢ ባይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ግን ነገሩን አያስረዳም። በእኔ አስተያየት የ1960ው ነገር በሁለት ወገን የጎደለ ነገር ያመጣው ነው።

በመንግሥት በኩል የጎደለው ማስረዳት ነው። ገበሬው የሚከፍለው ስንት እንደ ሆነ፣ በምን ሒሳብ እንደ ተገመተ፣ ግምቱ በዛብኝ ቢል ለማን አቤት እንደሚል፣ ርስቱም እንደማይነካበት በሚገባው ቋንቋ ከሚያምነው ሰው አፍ አልሰማም። አቤት ሲልም ቶሎ የተመለሰለት መልስ ጦር ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ሰው በግብሩ ላይ ከመንግሥት ጋር የሚከራከርበት በር እንዳለ ማወቅ ከባድ ነበር።

በሕዝብ በኩል የጎደለው ደግሞ ጽሑፍ ነው። ሥጋቱ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ገበሬ «ይህን ያህል ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ ይኸው፤ ይህን ያህል አልከፍልም፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ብሎ የሚያስጽፍበት መንገድ በእጁ አልነበረም። የተማረ ልጅ በየቤቱ አልነበረምና። ዛሬ ግን በብዙ ቀበሌ ትምህርት ቤት አለ፤ ስለዚህ ምክንያታችን እንደ አባቶቻችን ሊሆን አይችልም።

ደረሰኝ የሁለቱ ወገን ምስክር መሆኑን ሌሎች ሕዝቦችም ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰው ማንበብ በማይችልበት ዘመን፣ ለመንግሥት ግምጃ ቤት የተከፈለው ገንዘብ በእንጨት ላይ በጭረት ይመለከት ነበር። ከዚያም እንጨቱ በቁመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። አንዱን ከፋዩ፣ ሌላውን ግምጃ ቤቱ ያስቀምጠዋል። ክርክር ሲነሣ ሁለቱ ስንጥቆች ይገጠማሉ፤ ጭረቱ ካልገጠመ አንዱ ወገን አታሏል ማለት ነው። ይህ ልማድ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1834 እነዚያን አሮጌ እንጨቶች ሲያቃጥሉ እሳቱ አምልጦ የፓርላማውን ሕንፃ አቃጠለው። እኛ ዛሬ የምንይዘው የወረቀት ደረሰኝና በመሥሪያ ቤቱ የሚቀረው ቀሪ የዚያ የተሰነጠቀ እንጨት ምሳሌ ናቸው።

፬. ዛሬ ማስታወቂያ ሲደርስ

ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ወዲህ ርስት ቀርቶ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኗል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 መሠረት የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያን፣ የገበሬዎችን የእርሻ ገቢ ግብርና በግል የሚነግዱ ነጋዴዎችን የንግድ ትርፍ ግብር የሚጥሉትና የሚሰበስቡት ክልሎች ናቸው። ስለዚህ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ላለው ገበሬና ነጋዴ ማስታወቂያው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በአማራ ክልል ሥር ካለው የከተማ ወይም የወረዳ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው።

በዘመናችንም ቢሆን ግምት ሰውን ያስደነግጣል። በ2009 ዓ.ም. ደረጃ «ሐ» በተባሉት አነስተኛ ነጋዴዎች ላይ የቀን ገቢ ግምት ሲነገር በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙዎች ሱቃቸውን ዘጉ። ሌሎች ደግሞ ወረቀታቸውን ይዘው ለቅሬታ ተሰለፉ። ሱቅ መዝጋት የተገመተውን ቁጥር በራሱ አይለውጠውም፤ ቁጥሩ የሚለወጠው ስሕተቱ በማስረጃ ሲታይ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ሲደርስ የሚከተለውን ቅደም ተከተል መያዝ ይጠቅማል።

አንደኛ፤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ማንበብ። የጻፈው መሥሪያ ቤት ማን ነው? ቁጥርና ቀን፣ ፊርማና ማኅተም አለውን? የተጻፈው በማን ስም ነው? የአባትና የአያት ስም ትክክል ነውን? ዕዳው የየትኛው ዓመት ነው? ከተጠየቀው ገንዘብ ውስጥ ፍሬ ግብሩ ስንት፣ ቅጣቱ ስንት፣ ወለዱ ስንት ነው? የመጨረሻው ቀንስ መቼ ነው? ለአባት ወይም ለጎረቤት ስናነብ ይህን ሁሉ ሳንጨምር ሳንቀንስ እንዳለ መናገር አለብን። የማይገባን ቃል ቢኖር «ይህ አልገባኝም» ማለት ይሻላል እንጂ በግምት መተርጐም አይገባም።

ሁለተኛ፤ የደረሰበትን ቀን መጻፍ። ማስታወቂያውን ስንቀበል ብዙ ጊዜ እንድንፈርም እንጠየቃለን። «ደርሶኛል» ብሎ መፈረም «ዕዳው እውነት ነው» ብሎ ማመን አይደለም፤ ነገር ግን ከፊርማው በላይ ያለውን ቃል ሳያነቡ መፈረም አይገባም። አልቀበልም ብሎ መመለስም ጥቅም የለውም፤ ሰውየው ይጎዳል እንጂ ቀኑ መቁጠሩን አይተውም።

ሦስተኛ፤ ደረሰኝ አውጥቶ ማመሳከር። የተከፈለ ዓመት እንዳልተከፈለ ሆኖ ተጽፎ ከሆነ፣ ደረሰኙ ነገሩን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ደረሰኝ የጠፋበት ሰው ግን የሚከራከረው በባዶ እጁ ነው።

አራተኛ፤ ሒሳቡን መሥራት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 983/2008 ለመክፈል ለዘገየ ሰው እንዲህ የሚል ቅጣት ደንግጎ ነበር፤ ለመጀመሪያው ወር ካልተከፈለው ግብር ላይ ከመቶ 5፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር ከመቶ 2። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ነጋዴ 10,000 ብር ሳይከፍል 4 ወር ቢቆይ፣ የመጀመሪያው ወር ቅጣት 500 ብር ነው። የቀሩት 3 ወራት እያንዳንዳቸው 200 ብር ስለ ሆኑ 600 ብር ይሆናል። ቅጣቱ በጠቅላላው 1,100 ብር፣ ከፍሬ ግብሩ ጋር 11,100 ብር ነው ማለት ነው፤ ወለድ ደግሞ ለብቻው ይታሰባል። ከዚህ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛው ዝምታ በየወሩ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ነው። ሁለተኛው የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ የተማረ ልጅ የማስታወቂያውን ቁጥር ሊመረምር የሚችል መሆኑ ነው።

አምስተኛ፤ በጊዜው በጽሑፍ መመለስ። መልሱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ዕዳው እውነት ከሆነና ገንዘቡ ካለ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል ነው። ዕዳው እውነት ሆኖ ገንዘቡ ባንድ ጊዜ የማይገኝ ከሆነ፣ በየጊዜው ተከፋፍሎ እንዲከፈል ምክንያቱን ገልጦ ማመልከት ነው። ዕዳው ትክክል ካልሆነ ግን ቅሬታ ማቅረብ ነው። ከላይ የጠቀስነው የፌዴራል ዐዋጅ ሲወጣ ለቅሬታ የሰጠው ጊዜ ውሳኔው ከደረሰበት አንሥቶ 21 ቀን ነበር። ቅሬታ አቅራቢው የማይከራከርበትን ክፍል አስቀድሞ እንዲከፍልም ያዝዝ ነበር። በቅሬታው ውሳኔ ያልተደሰተም በ30 ቀን ውስጥ ከተከራከረበት ግብር ከመቶ 50 አስይዞ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን፣ ከዚያም በ30 ቀን ውስጥ ከመቶ 75 አስይዞ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ እንዲል ደንግጎ ነበር። የክልል ግብር ከፋይ የሚመራው በክልሉ ሕግ ስለ ሆነ፣ ሕግም ስለሚሻሻል፣ የቀኑን ቁጥር ከደረሰን ማስታወቂያና ከመሥሪያ ቤቱ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

፭. የማመልከቻ አጻጻፍ ምሳሌ

ጓደኞቼ ለቤተ ሰባቸው ሲጽፉ ይረዳቸው ዘንድ አንድ ምሳሌ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። ስምና ቁጥሩን እያንዳንዱ በራሱ ይሞላዋል።

ለ... ወረዳ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በግብር ዕዳ ማስታወቂያ ላይ ቅሬታ ስለ ማቅረብ

በቁጥር ... በቀን ... የተጻፈው ማስታወቂያ በቀን ... ደርሶኛል። በማስታወቂያው የ... ዓ.ም. ግብር ብር ... አልከፈልህም ተብያለሁ። ነገር ግን የዚህን ዓመት ግብር በደረሰኝ ቁጥር ... በቀን ... ከፍያለሁ፤ የደረሰኙን ግልባጭ አያይዤ አቅርቤአለሁ። ስለዚህ የተከፈለው ተቀንሶ ሒሳቡ እንዲታረምልኝ፣ ቅጣቱና ወለዱም እንዲነሣልኝ፣ ውሳኔውም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ስም ... ፊርማ ... ቀን ...

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስድብ የለም፤ ልመናና እንባም የለም። የማስታወቂያው ቁጥር፣ የደረሰበት ቀን፣ የተካደው ነገር፣ ማስረጃውና የሚጠየቀው ውሳኔ ብቻ ናቸው። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ለመዝገብ ቤት ይሰጣል። በሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ተጽፎ ማኅተም ከተመታበት በኋላ ወደ ቤት ይመለሳል። ዋናው ደረሰኝም ለማንም አይሰጥም፤ የሚሰጠው ግልባጩ ነው።

፮. መደምደሚያ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ደረሰኛችሁን በአንድ ሣጥን ውስጥ በየዓመቱ ለይታችሁ እንድታስቀምጡ እንለምናችኋለን፤ ስናነብላችሁም ቀኑን ደግማችሁ ጠይቁን። የተከበራችሁ መምህራን፣ ከድርሰት ትምህርት ጋር ማመልከቻ መጻፍን፣ ከሒሳብ ትምህርት ጋርም የግብርና የቅጣት ስሌትን ብታስተምሩን ብዙ ቤት ይጠቀማል። በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ታላላቆቻችን ደግሞ ማስታወቂያችሁ የዕዳውን ዓመት፣ የሒሳቡን አሠራርና የቅሬታውን በር ለይቶ የሚናገር ይሁን። ሰው የገባውን ነገር ቢያዝንበትም ይከራከርበታል፤ ያልገባውን ግን ይፈራዋል፤ ፍርሃት ወዴት እንደሚያደርስ በ1960 ዓ.ም. በአገራችን ታይቷል።

አባቶቻችን በመንገድ ጠብ ሲነሣ «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ቆመው ይነጋገሩ ነበር። ማኅተም ያለበት ወረቀት ወደ ቤታችን ሲመጣም እንደዚሁ ቆመን እናንብበው፣ እናስላው፣ በቀኑም እንመልስለት።